ለወፍ ማባረሪያ ሳጥን መለዋወጫ ፍለጋ በጅማ

መስከረም 3 ቀን 2018

የአክስቴ ባል ጅማ አጠገብ፣ ሰርቦ አካባቢ ማሽላ ይዘራሉ። ማሽላው አሁን ወተት እየያዘ ነው። ፍሬውን በጥፍር ስትጫነው ነጭ ያወጣል። ወፍ የሚወደውም ይህንኑ ጊዜ ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ማማ ይሠራና ልጆች ወንጭፍ ይዘው ይወጣሉ። ችግሩ ትምህርት ቤትም የሚከፈተው በመስከረም መሆኑ ነው። ወፉ ማለዳ ይመጣል፣ ልጆቹ ማለዳ ይሄዳሉ።

ጋሼ ዘንድሮ መላ አገኘሁ ብለው ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት የጨረታ ዕቃ ውስጥ ግራጫ የፕላስቲክ ሳጥን ገዝተው መጡ። ድምፅ እያሰማ ወፍ የሚያባርር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ሁለት ትንንሽ ሞንታርቦ የሚመስሉ ድምፅ ማጉያዎችና አንድ የሶላር ፓኔል አብረውት አሉ። አይሠራም። «አንተ ሬዲዮ ትነካካ የለ? እስቲ እየው» ብለው እኔ ላይ ጣሉት።

ስከፍተው መጀመሪያ የተቀበለኝ ጉንዳን ነው። የክዳኑ የጎማ ማሸጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ቀዳዳ ካገኘ አይምርም። የቦርዱ አንድ ጥግ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጠረግሁት።

ፊውዙ ጋ ስደርስ ታሪኩ ግልጽ ሆነ። 3 አምፔር የሚል የመስታወት ፊውዝ ነው። ከእኔ በፊት የነካው ሰው የተቃጠለው ፊውዝ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ መልሶታል። መቃጠል የነበረበት ፊውዙ ሳይቃጠል ቀረና ከኋላው ያለው ሁሉ ተቃጠለ። ሁለት የአምፕሊፋየር (ለድምፁ ጉልበት የሚሰጡ) ቺፖች አሉ፤ ሁለቱም ቲዲኤ 2003። አንዱ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። በቴስተር 3ኛና 5ኛ እግሩን ስነካ ዜሮ ኦም፤ ሾርት ሆኗል። ዋናው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው)፣ 2200 ማይክሮ ፋራድ 16 ቮልት የሚለው፣ አናቱ አብጧል። ባትሪው ጎኑ ተነፍቷል፣ 4 ቮልት እንኳ አይሞላም። ከድምፅ ማጉያዎቹ አንዱ 6.8 ኦም ይሰጣል፣ ሌላው ምንም። ቀንና ሌሊት የሚለየው የብርሃን ሴንሰር ውኃ ገብቶበታል።

የቀረው ድምፁን የያዘው ቺፕ ነው። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

መስከረም 6

ሂርማታ አካባቢ ያሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞችን ዞርኩ። ሁሉም ጋ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከምን ላይ ነው?»

«የወፍ ማባረሪያ» ስል ይሳቃል። አንዱ «ልጅ አለቀ እንዴ ሰፈራችሁ?» አለኝ። ሌላው ዕቃውን ሳያይ «የእሱ ስፔር እዚህ አይመጣም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለነገሩ አልፈርድበትም። ጠጋኝ ዕቃ የሚያውቀው በወጣበት መሣሪያ ነው። የቴሌቪዥን፣ የሪሲቨር፣ የቴፕ እያለ ነው የሚያስቀምጠው። የወፍ የሚባል መሳቢያ የለውም። ስለዚህ የወፍን ስም ማንሳት ተውኩ። ባትሪውን የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው) ባትሪ ብዬ ጠየቅሁ፤ እውነትም ያው ነው፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት። የአምፕሊፋየር ቺፑን የመኪና ቴፕ፣ ድምፅ ማጉያውን የሞንታርቦ ዩኒት፣ ካፓሲተሩን የሪሲቨር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መሳቢያ መክፈት ጀመረ። ሳጥኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ለወፍ ተብሎ የተሠራ ነገር ከድምፁ በቀር አንድም የለም።

አንድ ሱቅ ግን «ወፍ ከሆነ ይሄ ይሻልሃል» ብሎ ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ አልትራሶኒክ የአይጥ ማባረሪያ አወጣልኝ። የሰው ጆሮ አይሰማውም፣ እንስሳ ግን ይሸሸዋል ይላል ማሸጊያው። ለወፍ አይሆንም። አብዛኞቹ ወፎች ደህና አድርገው የሚሰሙት ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው። ከ20 በላይ ያለው ለእነሱም እንደ እኛው ዝምታ ነው። ወፍን የሚያስደነግጥ ድምፅ እኛንም የሚረብሽ ድምፅ ነው፤ ከጎረቤት ጋር መስማማት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መስከረም 8

ሐሙስ፣ የገበያ ቀን። ከተማው በሰውና በባጃጅ ተጨናንቋል። ዛሬ የፈለግሁት የድምፅ ማጉያውን ብቻ ነው።

የሞተውን ዩኒት ፈታሁት። ከቀንዱ፣ ማለትም ድምፁ ከሚወጣበት አፈ ሰፊ ክፍል፣ በስተጀርባ የሚጠመዘዘው ክብ ብረት ማለት ነው። ውስጡ ዲያፍራም የሚባል ስስ የሚርገበገብ ሽፋን አለ፣ ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሽቦው ወደ ውጭ የሚወጣበት ቦታ ላይ በዝገት ተበጥሷል። ዲያፍራሙን ብቻ መለወጥ ይቻላል፣ በብዛትም ይሸጣል፤ ግን የሽቦው ጥቅል ስፋት ከማግኔቱ ክፍተት ጋር በሚሊ ሜትር መግጠም አለበት። ያሉትን ለካናቸው፣ አንዱም አልገጠመም።

ከዚያ ባለሱቁ «ፒዞ ላድርግልህ? ርካሽ ነው» አለኝ። ትንሿን ጥቁር ካሬ ቀንድ ነው የሚለው፤ ሞንታርቦ ላይ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን። ጥሩ ዕቃ ናት፣ ግን በደንብ የምትጮኸው ከ4 ኪሎ ኸርዝ ወዲያ ነው። የወፍ ጩኸት ዋና ጉልበቱ ከዚያ በታችም ስላለ ግማሹን ትበላዋለች። በነገራችን ላይ ፒዞ ስትገዙ በኦም መለኪያ አትፈትኗት። ጥቅል ሽቦ ስለሌላት ደህናዋም የሞተችውም ክፍት ነው የምታሳየው። ቴስተሩን ትንሹ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በጣት መታ መታ ብታደርጓት ደህናዋ ቁጥር ታስዘልላለች።

ያገለገሉ ትልልቅ ቀንዶችም ነበሩ፣ ከመስጊድ ወይ ከቤተ ክርስቲያን የወረዱ የሚመስሉ። እነሱ ውስጥ ትራንስፎርመር አለ። ከ100 ቮልት አምፕሊፋየር በረጅም ገመድ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። የእኔ ቦርድ ላይ እንዳሉ ብሰካቸው ሹክሹክታ ነው የሚያወጡት። ትራንስፎርመሩን አልፎ ማገናኘት ይቻላል፣ ግን ክብደታቸው ለጋሼ ምሰሶ አይሆንም።

በመጨረሻ ያገኘሁት አዲስ ዩኒት ነው። የተሠራው ቻይና ይሁን ህንድ እንጃ፣ ጥርሱ ግን የተለመደው አንድ ከሦስት ስምንተኛ ኢንች ስለሆነ አሮጌው ቀንድ ላይ ያለ ምንም ብየዳ ተጠመዘዘ። ጥርስ መግጠሙን ሳላይ ገንዘብ አልሰጠሁም። አዲሱ 16 ኦም ነው፣ አሮጌው 8 ነበር። አንዱን 8 አንዱን 16 ባደርግ ድምፃቸው እኩል አይሆንም ብዬ ሁለቱንም 16 ገዛሁ። ጎን ለጎን ሲገናኙ 8 ኦም ይሆናሉ፤ በፊት 4 ነበር። የሚወጣው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። በጆሮ ግን ግማሽ ኃይል ግማሽ ድምፅ አይደለም፣ የ3 ዴሲቤል ልዩነት ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩም ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል። እኔ ይህን ልውውጥ ወድጄዋለሁ። ደህናው ባለ 8 ኦም ዩኒት ለመጠባበቂያ ተቀመጠ።

ዋጋ አልጽፍም። በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የዛሬው ለነገ አይረዳችሁም።

መስከረም 10

ባትሪ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጋ ከዩፒኤስ የወጡም አዲሶችም አሉ። ሁሉም 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት፣ መጠናቸውም አንድ ነው፦ ርዝመት 151፣ ወርድ 65፣ ቁመት 94 ሚሊ ሜትር። የየትኛውም አገር ፋብሪካ ይህንኑ ስለሚሠራ ሳጥኑ ውስጥ ልክ ይገባል።

አዲስ ነው መባሉ ብቻ አይበቃም። የሊድ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎም ያልቃል። ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.7 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ የከረመው ውስጡ ሰልፌት ይሠራና ቻርጅ ብታደርገውም አይመለስም። የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ ባለ 21 ዋቱን፣ ይዤ ሄጃለሁ። ባትሪው ላይ አገናኝቼ ቴስተሩን እያየሁ ቆምኩ። የመጀመሪያው አዲስ ተብዬ ያለ አምፖል 12.5 ይል ነበር፤ አምፖሉ ሲበራ እያየሁት ወርዶ 9 ገባ። ልጁ ራሱ ደነገጠ። ሌላኛው 12.2 ላይ ቆመ፣ ንቅንቅ አላለም። እሱን ወሰድኩ።

የባጃጅ ባትሪ በየጥጉ አለ፣ ለምን አልገዛህም የሚለኝ አይጠፋም። የባጃጅ ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ነው የተሠራው። ለአፍታ ብዙ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ በቀስታ እየጠባህ ታች ብታደርሰው ግን ዕድሜው ያጥራል። አሲድ የሚሞላበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ትነቱ ዝግ ሳጥን ውስጥ ቦርዱን ይበላዋል።

መስከረም 13

የአምፕሊፋየር ቺፕ። ጅማ ውስጥ አዲስ ቲዲኤ 2003 አጣሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ በቴሌግራም «አለ፣ ኦርጅናል» አለ። በቴሌብር ከፈልኩ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ፖስታውን ስቀድደው ቲዲኤ 2030።

ደወልኩ። «ያው ነው ወንድሜ፣ እግሩን ቁጠረው» አለኝ።

እግሩማ ያው ነው። ሁለቱም ባለ 5 እግር፣ አቀማመጣቸውም አንድ ነው፣ ስትሰካው ይገባል። ክፉ የሚያደርገውም ይህ ነው። 2003 ለመኪና ሬዲዮ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ከ8 እስከ 18 ቮልት ባለው ይሠራል፣ ዝቅተኛ ኦም ያለው ድምፅ ማጉያም ይችላል። 2030 ግን የሚነሳው ከ12 ቮልት ነው። የእኔ ባትሪ ዳመናማ ቀን ካለፈበት ማለዳ ላይ 12 እንኳ አይሞላም። ወፉ የሚመጣው ደግሞ ያን ሰዓት ነው። ቦርዱ ላይ በዙሪያው ያሉት ሬዚስተሮችም ለ2003 ተሰልተው የተቀመጡ ናቸው።

እግረ መንገዴን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ነክሬ ጽሑፉን አሸት አሸት አደረግሁት። 2030 የሚለው ከነቀለሙ ጥጡ ላይ መጣ። ደህና ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን በሌዘር ስለሚቀርጸው እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ 2030 ራሱ መሆኑም እንጃ። ነጋዴው መልሶ አይቀበልም፣ እኔም ለትራንስፖርቱ ስል አልተከራከርኩም።

መስከረም 19

መስቀል አለፈ። መኪና ላይ ቴፕ የሚገጥሙ ጋ ሄድኩ። ሰው አዲስ ስክሪን ሲያስገጥም አሮጌውን ካሴት ማጫወቻ ትቶ ይሄዳል፤ ጥግ ላይ ክምር አለ። «ምረጥና ውሰድ» አሉኝ፤ ለሻይ ያህል ሰጠኋቸው።

ጥሩ ጥሩ ቴፖች አይጠቅሙኝም። አራት ድምፅ ማጉያ የሚነዱት ባለ 25 እግር አንድ ትልቅ ቺፕ ነው ያላቸው። የምፈልገው ርካሹን፣ አሮጌውን፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ያለውን ነው። ክዳኑን ሳልፈታ ከኋላው አሉሚኒየሙ ላይ ስንት ብሎን እንዳለ አያለሁ። ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ካሉ ተስፋ አለ። በመጨረሻ ከአንድ አቧራ የጠገበ ቴፕ ጀርባ ጥንድ ቲዲኤ 2003 አገኘሁ። የተቀረጸ ቁጥር፣ በጥጥ የማይለቅ። የድሮ ዕቃ ለዚህ ለዚህ ነው የምወደው።

ነቅሎ ማውጣቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። እግሮቹን በየተራ በሶልደር እያሞቅሁ ሊዱን በመምጠጫ ሳብኩ። መጀመሪያ እግሮቹን በፒንሳ ቆርጦ ማውጣት ለሚጣል ቺፕ ነው የሚሆነው፤ ለሚተከል አይሆንም።

መስከረም 21

ቀላል ቀላሉ ሁሉ ዛሬ አለቀ።

ካፓሲተሩ ከሞተ ሪሲቨር ቦርድ ወጣ፣ 2200 ማይክሮ ፋራድ 25 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚል። ቮልቱ ከፍ ቢል ችግር የለም፣ ዝቅ ማለት የለበትም። የፊውዝ መያዣውን ለወጥኩ፣ ትክክለኛ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ገባ፣ ሦስት ትርፍ ደግሞ በፕላስተር ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ። ያ የሽቦ ነገር እንዳይደገም። ለማሸጊያው የበር ላስቲክ በልኩ ቆርጬ በሲሊኮን አጣበቅሁ። የገመዶቹን መግቢያ ከላይ ወደ ታች አዞርኩት፤ ውኃ ገመድን ተከትሎ ነው የሚገባው።

የብርሃን ሴንሰሩ ትንሽ ወሬ አለው። በራሱ ከሚበራ የግቢ መብራት ውስጥ አገኘሁት። ፊቱ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቀይ መስመር ያለበት ክብ ነገር ነው። በመስኮት ብርሃን ጥቂት ሺህ ኦም ይላል፤ በጣቴ ስሸፍነው ሚሊዮን ያልፋል። ይሠራል ማለት ነው። ግን ከአሮጌው ጋር ቁጥሩ አንድ አይደለም። ጭለማ የሚለው መጠን ከተለየ ሳጥኑ የሚነቃበት ሰዓት ይለያል። ቦርዱ ላይ በካቻቪቴ የምትዞር ትንሽ ቮልዩም አለች፤ እሷን አዙሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ እንዲነቃ አስተካከልኩት። ትናንት ማታ በመስኮቴ ላይ አስቀምጬው ዛሬ ጠዋት ተነስቼ አረጋገጥኩ። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ለወፍ ቁርስ በቂ ነው።

መስከረም 24

አሁን ድምፁ። ሶኬት ላይ የተቀመጠ ባለ 32 እግር ቺፕ ነው፣ ኢፕሮም ይባላል፣ ቁጥሩ 27ሲ040። መሃሉ ላይ ክብ የመስታወት መስኮት አለው። በመስኮቱ ውስጥ ሲሊኮኑ ሲያብረቀርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉት ክር የሚያካክሉ ሽቦዎች ሁሉ ይታያሉ። ቆንጆ ነገር ነው፣ ቁጭ ብዬ አየሁት። መስኮቱ ለውበት አይደለም። ይህን ዓይነት ቺፕ የሚሰርዙት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ለዚህ ነው ተለጣፊ የሚደረግበት። የእኔው ተለጣፊ ግማሹ ተነስቷል። ቀጥታ ፀሐይ ካገኘው በሳምንት አካባቢ ሊሰረዝ ይችላል፤ የክፍል ፍሎረሰንት መብራት ሦስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ቶሎ ብዬ በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩት።

ይህ ብቻ ነው ከየትም መሳቢያ የማይገኘው። ባዶውን ቺፕ መግዛት ይቻል ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ድምፅ ግን የአምራቹ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመሞከሬ በፊት ኮፒ ፈለግሁ። ሪሲቨር ሶፍትዌር የሚጭኑ ልጆች ጋ ያለችው የቺፕ ማንበቢያ መሣሪያ፣ ፕሮግራመር የሚሏት፣ ባለ 8 እግሮቹን ብቻ ነው የምታነበው። በመጨረሻ ቂጦ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ሲማር ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ትልቁን ፕሮግራመር የገዛ ወዳጅ አለኝ፤ እሱ ጋ ወሰድኩት።

ተነበበ! አልተሰረዘም። 512 ኪሎ ባይት። ወዳጄ ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ እንደ ጥሬ ድምፅ ከፈተው። ባለ 8 ቢት፣ በሴኮንድ 8000 ናሙና ብሎ ሲያጫውተው የወፍ ጩኸት ክፍሉን ሞላው። አጠቃላይ ርዝመቱ 65 ሴኮንድ ገደማ ነው።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። የተለጣፊው ላይ የደበዘዘውን ጽሑፍ ስልክ ካሜራ ስር አድርገን አነበብነው። ስታርሊንግ የሚባለው የአውሮፓ ወፍ፣ ገል የምትባለው የባሕር ጠረፍ ወፍ፣ ቁራ። ጭንቅ ላይ ያለ ወፍ የሚያሰማው ጩኸት በዋናነት የሚገባው ለራሱ ዘር ነው። ሰርቦ ማሽላ ላይ የሚወርደው ጎጆ የሚሠራው ቢጫ ወፍና ትንንሹ መንጋ ነው። ገል ተጨነቀች አልተጨነቀች ምን ቸገረው? ስንት የተጨነቅሁለት ኦርጅናል ዕቃ ለጅማ የማይሆነው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

መስከረም 28

ቺፑን ትቼ ሌላ የድምፅ ምንጭ ልሠራ ወሰንኩ። ሂርማታ ውስጥ በየሱቁ የሚሸጥ ነገር አለ፤ ሞንታርቦ ሲጠገን የሚገባው የፍላሽና የብሉቱዝ ቦርድ። በ12 ቮልት ይሠራል፣ ፍላሽ ከተሰካበት ራሱ መጫወት ይጀምራል፣ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይቀጥላል። አንድ ጠባይ አለው። ሲበራ በሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ብሉቱዝ ዝግጁ ነው እያለ ያውጃል። የሳጥኑ ዋና ቦርድ ሲያበራውና ሲያጠፋው በየጥቂት ደቂቃው ማሽላው መሃል ማስታወቂያ ሊነገር ነው። ጋሼ ሲሰሙት «እሷም ትጮህ፣ ወፍ እንግሊዝኛ አያውቅም» ብለው ሳቁ።

መፍትሔው ፍላሽ ቦርዱን ቀኑን ሙሉ ሳያጠፉ መተው ነው። ዋናው ቦርድ አምፕሊፋየሩን በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እያበራ ያጠፋል፤ የጊዜ ልዩነቱንም ራሱ ያዘበራርቀዋል። ስለዚህ ፍላሹ ዝም ብሎ ለራሱ ይጫወታል፣ ሪሌው ሲከፍትለት የደረሰበት ቦታ ይሰማል። ማስታወቂያው ጠዋት አምፕሊፋየሩ ገና ጠፍቶ እያለ ያልፋል። በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ድምፅ የሚወጣበት አጋጣሚ ጠበበ። ወፍ በተወሰነ ሰዓት የሚደጋገም ነገርን ቶሎ ይለምዳል። የሚበላውን ስለካ ከ0.1 አምፔር አይበልጥም፤ ፓኔሉ ይችለዋል።

ድምፁን ከሁለት ቦታ አመጣሁ። ዜኖ ካንቶ የሚባለው ድረ ገጽ ከ2005 ጀምሮ ሰዎች የቀዱትን የወፍ ድምፅ ያስቀምጣል፣ ከኢትዮጵያ የተቀዳም አለበት። ከዚያ የጭልፊትና የሌሎች አዳኝ ወፎችን ጥሪ ወሰድኩ። ሌላውን በስልኬ ቦዬ ረግረግ አጠገብ ካለ ዛፍ ቀዳሁ። ቢጫዎቹ ወፎች ቅርንጫፉን በጎጆ ሞልተውታል፤ ጭላት በላያቸው ሲያልፍ የሚያሰሙት ሌላ ነው፣ ሹል፣ የተቆራረጠ። ያንን ነው የፈለግሁት።

ጥቅምት 1

መጀመሪያ ማብራት። ባትሪውን በቀጥታ አላገናኘሁም። ያቺን የፍሬቻ አምፖል በመሃል በተከታታይ አስገባኋት። ቦርዱ ላይ ሾርት ካለ አምፖሏ ቦግ ትላለች፣ ዕቃው ይተርፋል። ለአፍታ ደመቅ ብላ ጠፋች፤ ካፓሲተሩ ሲሞላ ነው። ከዚያ ዝም። አምፖሏን አውጥቼ ፊውዙን ሰካሁ። አሉሚኒየሙ ለብ አለ እንጂ አልተቃጠለም። ሪሌው ቀጭ ሲል የግቢው ዶሮዎች ሁሉ ቤት ስር ገቡ።

ጥቅምት 8

ሰርቦ። ሳጥኑ ማሽላው መሃል ምሰሶ ላይ ወጣ፣ ቀንዶቹ ከማሽላው ራስ ትንሽ ከፍ ብለው። የመጀመሪያው ጠዋት መንጋው ሲወርድ ሪሌው ከፈተ፣ እንደ ቆርቆሮ ተንኮሻኩሸው ተነሱ። ዞረው ሄደው የጎረቤት ማሽላ ላይ አረፉ።

አሁን ያለው ሁኔታ ይህ ነው። ልጆቹ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ከሰዓት ተመልሰው ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ወፍ አመሻሽም ስለሚበላ። ሳጥኑን በየጥቂት ቀኑ ቦታ እንቀይራለን፤ አንድ ቦታ ከቆየ እንደሚለምዱት የታወቀ ነው። ወንጭፍ ድምፁን ሲያግዝ ይበልጥ ይፈሩታል፤ ጩኸት ብቻውን ከሆነ ውሎ አድሮ ይንቁታል። ጦጣ ግን ከመጀመሪያውም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ ምሰሶው ስር ቁጭ ብሎ ይበላል።

ጎረቤትየው ትናንት ጋሼ ጋ መጥተው ነበር። ለጠብ መስሎን ነበር። «ወፉን ወደ እኔ ከነዳችሁት ለእኔም ሥሩልኝ» ነው ያሉት። ለሁለተኛው ሳጥን ኦርጅናል ቦርድ ስለሌለን ሪሌውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰዓት ቆጣሪ መፈለግ አለብኝ። የፍላሽ ቦርድና ባትሪ ጅማ አለ። መጠባበቂያ ካስቀመጥኩት ባለ 8 ኦም ዩኒት አንድ ቀንድ ይወጣል። ቲዲኤ 2003 ግን ከቴፕ ክምሩ ሌላ ጥንድ ካልተገኘ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እጠብቃለሁ፤ ቺፑን በዓይኑ አይቶ፣ በጥጥ አሽቶ የሚገዛልኝ።